«አይዳ»ና ዳኞቿ

የኦፔራ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በደራሲዎቹና በዘፋኞቹ ስም ነው። ቬርዲ ይህን ደረሰ፣ ካሩሶ ያንን ዘፈነ ይባላል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጨበጨበው፣ ያፏጨው፣ አንዳንድ ጊዜም ቆቡን አንሥቶ ወደ ቤቱ የሄደው ሰው ግን ስሙ ብዙም አይነሣም። ይሁንና ይህን ጥበብ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ያኖረው እርሱ ነው፤ ዛሬ ቁጥሩ እየሳሳ በመሄዱ በኤውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙትን የኦፔራ ቤት አስተዳዳሪዎች እንቅልፍ የነሣቸውም ይኸው ሰው ነው።

የዚህን ሰው ታሪክ ከአንድ ሥራ ጋር አያይዞ መከታተል ይቻላል። ለዚህም የጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» የተመቸች ናት። ከተደረሰች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በዓለም መድረኮች እጅግ አዘውትረው ከሚታዩት ሥራዎች አንዷ ናት፤ ባለታሪኳም ኢትዮጵያዊት ልዕልት በመሆኗ የአገራችን አንባቢ ለጉዳዩ ባዕድ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ«አይዳ» ዳኞች ሁሉ የማይዘነጋው ፕሮስፔሮ ቤርታኒ የሚባል የሰሜን ጣልያን ሰው ነው። ይህ ሰው ስለ አዲሱ ኦፔራ የሚወራው ወሬ ስቦት ሜይ 2 ቀን 1872 ከሬጆ ከተማ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ፓርማ ሄደ። መጋረጃው ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ቦታውን ይዞ ተቀመጠ። የመድረኩን አሠራር አደነቀ፤ ዘፋኞቹንም በደስታ አዳመጠ፤ አንዲት ነገር እንዳታመልጠው ልቡን ሰጥቶ ተከታተለ። ትርኢቱ ሲያበቃ ረክቶ እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ፤ አልረካም። ወደ ሬጆ ሲመለስ በባቡሩ ክፍል ውስጥ አብረውት የተሳፈሩት መንገደኞች ግን ሥራው ድንቅ መሆኑን በአንድ አፍ ማለት ይቻላል ይመሰክሩ ነበር። ምናልባት ጥፋቱ ከራሱ ይሆናል ብሎ ሜይ 4 ቀን እንደ ገና ሄደ። በዚያ ምሽት ሕዝቡ ተጨናንቆ ስለ ነበር ተመቻችቶ ለመቀመጥ ሲል ተጨማሪ ገንዘብ ከፈለ። ፍርዱ ግን አልተለወጠም።

ከዚህ በኋላ ነበር ቤርታኒ ብዕሩን አንሥቶ በቀጥታ ለቬርዲ የጻፈው። በኦፔራው ውስጥ ልብን የሚያነሣሣ ነገር አላገኘሁም፤ የመድረኩ ጌጥ ባይኖር ኖሮ ሕዝቡ እስከ መጨረሻው አይቀመጥም ነበር፤ ጥቂት ጊዜ አዳራሹን ከሞላች በኋላ በመዝገብ ቤት አቧራ ለብሳ ትቀራለች አለ። እርሱ በቤተሰቡ ድጋፍ የሚኖር ሰው ስለ ሆነ ያወጣው ገንዘብ እንደ ክፉ መንፈስ ዕረፍት እንደ ነሣውም ገለጸ። ሒሳቡንም ዘርዝሮ አቀረበ፦ የባቡር መሄጃ 2.60 ሊሬ፣ መመለሻ 3.30፣ የቴአትር ቤት 8፣ በጣቢያው የበላው መጥፎ እራት 2፣ በድምሩ 15.90 ሊሬ፤ ሁለት ጊዜ ስለ ሄደ 31.80 ሊሬ ይመለስልኝ ነው ነገሩ።

ቬርዲ አልተቆጣም። ለአሳታሚው ለጁልዮ ሪኮርዲ በጻፈው ደብዳቤ ለሰውዬው 27.80 ሊሬ እንዲከፈለው አዘዘ። አራቱ ሊሬ የተቀነሰው የእራቱ ዋጋ ነው፤ እራቱንስ እቤቱ ሊበላ ይችል ነበር አለ። አንድ ግዴታም ጨመረበት፤ ቤርታኒ ከእንግዲህ የቬርዲን አዲስ ኦፔራ ለመስማት ላይሄድ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ነበር። ቤርታኒም በዚያው ወር አጋማሽ ገንዘቡን ተቀብሎ ፈረመ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። እርግጥ ቤርታኒ ተሳስቷል፤ አቧራ ትለብሳለች ያላት ሥራ እርሱንም ልጆቹንም አልፋ ኖራለች። ነገር ግን አዳማጭነቱ የሚናቅ አይደለም። ፍርዱን ለመመርመር ሲል ሁለተኛ ጊዜ በገዛ ገንዘቡ ሄዷል፤ የሌሎችን አስተያየት በባቡሩ ውስጥ በጥሞና አዳምጧል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦፔራው ዕዳ እንዳለበት፣ እርሱም ባለገንዘብ እንደ ሆነ አምኗል። ቬርዲም ይህን እምነት አልናቀም። በወጣትነቱ በ1840 አንዱ ሥራው በሚላኖ ላ ስካላ በፉጨት ሲወድቅ የቀመሰው መራራ ነገር ነበርና የተመልካችን ሥልጣን ያውቀዋል። ቴአትር ቤት ሊሞላ እንጂ ባዶ ሊቀመጥ እንዳልተሠራ፣ የአንድ ሥራ ውጤትም ከጋዜጣ አስተያየት ይልቅ በመግቢያ ሽያጩ መዝገብ እንደሚታወቅ ኋላ ለወጣት አስተዳዳሪዎች ይመክር እንደ ነበር ይነገራል።

ቤርታኒ ፓርማ ከመሄዱ አራት ወር ቀደም ብሎ ግን ይኸው ሥራ ካይሮ ላይ ፍጹም የተለየ ታዳሚ ገጥሞት ነበር።

የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ካይሮን የኤውሮፓ ከተማ ለማስመሰል ሲጣደፍ በጥቂት ወራት ውስጥ በአብዛኛው ከእንጨት ያሠራው የኦፔራ ቤት በኖቬምበር 1869 ተከፈተ። ብዙ ሰዎች «አይዳ» ለስዊዝ ቦይ ምረቃ ተደረሰች ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ቤቱ ሥራውን የጀመረው በሌላው የቬርዲ ሥራ፣ በ«ሪጎሌቶ» ነው። «አይዳ» የተጠየቀችው ከዚያ በኋላ ሲሆን ለቬርዲ የተከፈለውም 150,000 ፍራንክ ነበር። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማርዬት ነው፤ ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈው። ልብሱና የመድረኩ ሥዕል ፓሪስ ውስጥ እየተሠራ ሳለ የፕሩሲያ ጦር ከተማይቱን ስለ ከበበ ትርኢቱ አንድ ዓመት ያህል ዘገየ።

በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 መጋረጃው ሲከፈት በአዳራሹ የነበሩት የቤተ መንግሥት ሹማምንት፣ የውጭ አገር ቆንስሎች፣ ባንክ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ከኤውሮፓ የተጠሩ ጋዜጠኞች ነበሩ። የኬዲቩ እመቤቶች የተቀመጡባቸው ልዩ ክፍሎች ፊታቸው በነጭ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ከአዳራሹ ውጭ ያለው የካይሮ ሕዝብ፣ ዕዳው በጫንቃው የሚወድቅበት የአባይ ዳር ገበሬ፣ በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። ቬርዲ ራሱ ወደ ካይሮ አልሄደም። ጋዜጠኞችና ዘፋኞች ከነኮተታቸው ተሰባስበው ለማስታወቂያ መሯሯጣቸው ጥበብን ወደ ንግድ ይለውጠዋል ብሎ አንዱን የሚላኖ ሐያሲ ወቅሶታል። እውነተኛው የመጀመሪያ ትርኢት ለእርሱ በፌብሩዋሪ 1872 ላ ስካላ የታየው ነበር።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። በኦፔራው ውስጥ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ስትሆን በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና ትኖራለች። የምትወደው ራዳሜስ የግብፅን ጦር መርቶ ኢትዮጵያን ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ገቢር መለከት እየተነፋ የኢትዮጵያ ምርኮኞች በድል አድራጊዎች ፊት ይነዳሉ፤ አሞናስሮም ከመካከላቸው ይገኛል። ማርዬት ያሰበው ጥንት ከግብፅ በስተደቡብ የነበረውን አገር መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ሥራውን ያዘዘው ኬዲቭ በዚያው ዘመን በቀይ ባሕርና በአባይ ምንጭ ላይ ዓይኑን የጣለ ሰው ነበር። ኦፔራው በታየ በዓመቱ፣ በ1872፣ ሙንዚንገር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ አገልጋዩ ከረንን ያዘለት።

ከዚያ የሆነው በመድረክ ላይ ከታየው ተቃራኒ ነው። በ1868 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መጀመሪያ በኅዳር ጉንደት ላይ፣ ቀጥሎ በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ጉራ ላይ፣ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት የኬዲቩን ጦር ደመሰሰ። በዴንማርካዊው በአሬንድሩፕ የሚመራው የመጀመሪያው ጦር ከአዛዡ ጋር አለቀ፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካፈሉ መኰንኖች ነበሩበት። ጉንደት ላይ ደም በፈሰሰበት በዚያው ኖቬምበር 1875 እስማኤል የስዊዝ ቦይ አክሲዮኑን ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በ1879 ከሥልጣኑ ተሻረ። የኦፔራ ቤቱና የጦሩ ወጪ ከአንድ ከረጢት ይወጣ ነበር፤ ከረጢቱም የአበዳሪ ባንኮች ነበር። በካይሮ አዳራሽ ያጨበጨቡት ተጋባዦች ከሬጆው ሰው የሚለዩት በዚህ ነው፤ ማንኛቸውም ገንዘቤ ይመለስልኝ ለማለት ምክንያት አልነበራቸውም።

በጣልያን አገርም ቢሆን የተመልካቹ ነገር ቀላል አልነበረም። ላ ስካላ በ1778 ሲሠራ ወጪውን የሸፈኑት የሚላኖ ባለጸጎች በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩትን ሎጆች እንደ ርስት ተካፍለዋቸው ነበር፤ ያወርሷቸዋል፣ ይሸጧቸዋል፣ ያከራዩዋቸዋል። በየሎጁ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ይበላሉ፤ ስለ ጋብቻና ስለ ፖለቲካ ይነጋገራሉ። የታወቀው ዘፋኝ ዜማውን ሊያሰማ ሲነሣ ብቻ ፊታቸውን ወደ መድረኩ ይመልሳሉ። ጸጥ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዳምጠው ከጣሪያው ሥር ባለው ሰገነት ላይ በርካሽ ዋጋ የሚቆመው ሕዝብ ነበር፤ ጣልያኖች ይህን ሰገነት «ሎጆኔ» ይሉታል። የእጅ ባለሙያው፣ ተማሪው፣ የሙዚቃ መምህሩ ከዚያ ሆነው ይፈርዳሉ። የፓርማ ሰገነት በጭካኔው ከሁሉ የታወቀ ነው፤ የዚያ ከተማ ቴአትር ቤት በ1829 ሲመረቅ የቀረበውን የቤሊኒን አዲስ ሥራ እንኳ በመክፈቻው ቀን ጥሎታል።

የእነዚህ ሰዎች ፉጨት አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ፍሬ ያፈራል። በጁን 1886 አንድ የጣልያን ቡድን በሪዮ ዴ ጃኔሮ «አይዳ»ን ሊያቀርብ ሲል የአገሬው ሙዚቃ መሪ ተጣልቶ ሥራውን ትቶ ነበር። ተተክቶ የወጣውን ሁሉ ሕዝቡ በጩኸት ከቦታው አባረረው። በመጨረሻ ከኦርኬስትራው መካከል አንድ የ19 ዓመት የቼሎ ተጫዋች ተነሥቶ ዱላውን ያዘ፤ የተከፈተለትን የዜማ መጽሐፍ ዘግቶ ሙሉውን ሥራ በቃሉ መራ። ይህ የፓርማ ልጅ አርቱሮ ቶስካኒኒ ነበር።

ቶስካኒኒ በኋላ የላ ስካላ መሪ ሲሆን ጌታ ያደረገውን ሕዝብ በሥርዐት ሊገዛ ተነሣ። የአዳራሹ መብራት እንዲጠፋ፣ ሴቶች ባርኔጣቸውን እንዲያወልቁ፣ አንድ ዜማ በጭብጨባ ብዛት እንዳይደገም አዘዘ። በ1903 የወቅቱ መዝጊያ ምሽት ሕዝቡ ቴኖሩ ጆቫኒ ዜናቴሎ እንዲደግም አጥብቆ በመጠየቁ ቶስካኒኒ ቴአትር ቤቱን ጥሎ ሄደ። ማን ልክ ነበር? ሙዚቃው በጸጥታ መደመጥ አለበት ለሚል ሰው ፍርዱ ግልጽ ነው። ይሁንና መብራቱ ሲጠፋ ወሬው ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ከመድረኩ ጋር ያደርገው የነበረ ንግግርም አብሮ ደብዝዟል። ዛሬ አንድ አዲስ ሰው ወደ ኦፔራ ቤት ሲገባ መቼ እንደሚያጨበጭብ ፈርቶ ጎረቤቱን ይመለከታል። የቤርታኒ ዘመን ሰው እንዲህ ያለ ፍርሃት አያውቅም ነበር።

ሕዝቡን በብዛት መልሶ ያገኘው ያው ዜናቴሎ መሆኑ ይገርማል። ቬርዲ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ቬሮና ከተማ ውስጥ ካለው ከሮማውያን ዘመን የቀረ የድንጋይ ስታዲየም ሄዶ ድምፁን ሞከረ፤ ቦታው ለመዝፈን የተመቸ ሆኖ አገኘው። ኦገስት 10 ቀን 1913 «አይዳ» በዚያ ከጣሪያ ውጭ ታየች፤ ራዳሜስ ሆኖ የዘፈነውም እርሱ ነበር። ሕዝቡ በድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሻማ አብርቶ የግጥሙን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ሻማ ማብራቱ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። በቴአትር ቤት ሎጅ ገብቶ የማያውቀው የገጠር ሰውና የእጅ ባለሙያ በዚያ ቦታ ኦፔራን አየ። (በኢትዮጵያ ምርኮኞች ሰልፍ ላይ ካጨበጨቡት መካከል ከ17 ዓመት በፊት የሆነውን የዓድዋን ጦርነት የማያስታውስ ጎልማሳ ነበር ማለት ያስቸግራል።) ቬሮና እስከ ዛሬ በየበጋው ብዙ ሺህ ሰው ይሰበስባል፤ 2023 ላይ መቶኛውን ፌስቲቫል የከፈተውም በ«አይዳ» ነው። ከታዳሚው ብዙው አሁን የውጭ አገር ጎብኚ መሆኑ ግን አይዘነጋም።

የአዳማጩን ጆሮ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ነው። በኤፕሪል 1902 ኤንሪኮ ካሩሶ በሚላኖ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ አሥር ዜማዎች ለሸክላ ዘፈነ፤ ከነዚያ አንዱ ራዳሜስ ስለ አይዳ ውበት የሚዘፍነው ነበር። ከዚያ ቀን አንሥቶ አንድ ዘፋኝ የሚወዳደረው በአጠገቡ ካለው ባልደረባው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሞቱት ሁሉ ጋር ሆነ። የቀድሞው አፍቃሪ ያለፈውን ድምፅ የሚያስታውሰው በልቡ ብቻ ነበር፤ ልብ ደግሞ ይጨምራል ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል በ1820ዎቹ ስለ ሮሲኒ ሲጽፍ የድሮዎቹ ዘፋኞች በራሳቸው ፈጠራ ዜማውን የማስጌጥ ጥበባቸው እየጠፋ መሄዱን እያዘነ ያወሳል። የስታንዳል ዘመን ዛሬ የታላላቅ ድምፆች ወርቃማ ዘመን ተብሎ የሚጠራ ነው! ድምፅ ሞተ የሚለው ሙሾ ከኦፔራ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ለመረዳት ይህ ይበቃል። ስለዚህ አዳራሹ የሳሳው ዘፋኝ ስለ ጠፋ ነው የሚለው አስተያየት ብዙ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

ለዚህ ከአንድ በላይ ማስረጃ አለ፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ሊዮንታይን ፕራይስ ናት። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት በ1927 በሚሲሲፒ ግዛት በሎሬል ከተማ ተወለደች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እናቷ ማርያን አንደርሰን የምትባለውን ታላቅ ዘፋኝ ልታሰማት ወሰደቻት፤ ከአዳማጮቹ መካከል ተቀምጣ ያየችው ነገር ሕይወቷን እንደ ወሰነው ትናገራለች። ከእርሷ በፊት በ1933 ካተሪና ጃርቦሮ በኒውዮርክ በሂፖድሮም አዳራሽ በርካሽ ዋጋ በሚቀርብ ትርኢት አይዳን ዘፍና ጥቁሩ ሕዝብ እየጐረፈ መጥቶ ሰምቷታል፤ ታላላቆቹ ቤቶች ግን በራቸውን ዘግተው ቆይተዋል። አንደርሰን በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ የቆመችው በ1955፣ ድምፅዋ ከጫፉ ካለፈ በኋላ ነው። ፕራይስ አይዳን በ1958 በቪየና፣ በ1960 በላ ስካላ ዘፈነች፤ በዚህ ሥራ ላይ ቆዳዬ ራሱ የመድረክ ልብሴ ነበር ትል ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችውም በሜትሮፖሊታን በ«አይዳ» ነው፤ ትርኢቱ በቴሌቪዥን ተላልፏል። በሦስተኛው ገቢር አይዳ በአባይ ዳር ሆና አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ የምታንጐራጕርበትን ዜማ ስትጨርስ ጭብጨባው ለደቂቃዎች አልቆም አለ፤ እርሷም ዕንባዋን ይዛ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። በዚያው ክረምት እውነተኛይቱ ኢትዮጵያ በረሃብ ተመትታ ስሟ በየጋዜጣው ይነሣ ነበር።

አሁንም ቢሆን በብዙ ቦታ አይዳን የሚዘፍኑ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን በቀለም የማጥቆር ልማድ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በ2022 የበጋ ወቅት ቬሮና ይህን በማድረጓ ጥቁሯ አሜሪካዊት ሶፕራኖ ኤንጅል ብሉ እዚያው ልትዘፍን የነበረውን ሌላ ኦፔራ ሰርዛ ቀርታለች። ነገሩ ልማድ ነው የሚሉ ሽማግሌ ኦፔራ ወዳዶች አልጠፉም። ወንበሩ ለምን በወጣት አይሞላም ብለው የሚያለቅሱትም ብዙውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ወደ ላ ስካላ እንመለስ። ዲሴምበር 7 ቀን 2006 ቤቱ ወቅቱን በፍራንኮ ዜፊሬሊ አዘጋጅነት በ«አይዳ» ከፈተ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴኖሩ ሮቤርቶ አላኛ ያንኑ ካሩሶ በሸክላ ያስቀረውን የራዳሜስን ዜማ ዘፈነ። ይህ ዜማ ለቴኖር ክፉ ነው፤ መጋረጃው ከተከፈተ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ጕሮሮው ሳይሟሟቅ ይመጣል። ቬርዲ የመጨረሻውን ከፍተኛ ድምፅ በለሆሳስ እየጠፋ እንዲሄድ አድርጎ ጽፎታል፤ አብዛኞቹ ግን በኃይል ይጮኹታል። ከሰገነቱ ፉጨትና ተቃውሞ ተሰማ። አላኛ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና ከመድረኩ ወጥቶ ሄደ። ሙዚቃው ሳይቋረጥ ተጠባባቂው አንቶኔሎ ፓሎምቢ ልብስ ለመቀየር ጊዜ ስላልነበረው በጂንስ ሱሪው መድረክ ላይ ወጥቶ በጥንታዊት ግብፅ ቤተ መንግሥት መካከል ዘፈነ።

ጋዜጦች የሰገነቱን ሰዎች አረመኔዎች ናቸው ብለው ጻፉ። እርግጥ በመካከላቸው ቤታቸው ባለ ሸክላ ተመርተው፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት የፈረዱ ነበሩ ማለት ይቻላል። ከቤርታኒ የሚለዩበትም ይህ ነው። የሬጆው ሰው የፈረደው ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው አዲስ ሥራ ላይ ነው፤ የ2006ቱ ሰገነት ሥራውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሊፈርድ የቀረው በአንድ የድምፅ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። በቬርዲ ዘመን አንድ ከተማ በየዓመቱ አዲስ ኦፔራ ይጠብቅ ነበር። በ1926 ላ ስካላ ያቀረበው የፑቺኒ «ቱራንዶት» በየቤቱ ሳይቋረጥ ከሚታዩት ሥራዎች የመጨረሻው ነው እስከ መባል ተደርሷል። አንድ ጥበብ ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈው ላይ ብቻ ሲኖር አፍቃሪው ከዳኝነት ወደ ሙዚየም ጠባቂነት ይወርዳል፤ የሙዚየም ጠባቂ ደግሞ ለቤቱ ጥቂት ሰው ይበቃል።

ቍጥሩም ይህን ያሳያል። በአሜሪካ በመንግሥት በተደረገው ጥናት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ኦፔራ ያየ አዋቂ ሰው በ2002 ከመቶ 3.2 ነበር፤ በ2008 ወደ 2.1 ወረደ፤ ከወረርሽኙ በኋላ በ2022 0.7 ሆኖ ተገኘ። በ1943 በሠራተኛው አቅም ትኬት እየሸጠ እንዲሠራ የተቋቋመው፣ የሕዝብ ኦፔራ ይባል የነበረው የኒውዮርክ ሲቲ ኦፔራ በኦክቶበር 2013 መክሠሩን አስታወቀ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደ ገና ቢነሣም የቀድሞውን ያህል አልሆነም። በሮማ በ2014 ታላቁ የሙዚቃ መሪ ሪካርዶ ሙቲ ወቅቱን ከሚከፍተው «አይዳ» ራሱን አገለለ፤ በተከታዩ ወር የቤቱ ቦርድ ወደ 180 የሚጠጉ የኦርኬስትራና የኅብረ ድምፅ አባላትን ለማሰናበት ወሰነ። ውሳኔው በድርድር ተሽሯል፤ «አይዳ» ግን ወቅቱን ሳትከፍት ቀረች።

መፍትሔ ፍለጋው በሁለት መንገድ ሄዷል። ሜትሮፖሊታን ከዲሴምበር 2006 ጀምሮ ትርኢቱን በሳተላይት ወደ ሲኒማ ቤቶች ያስተላልፋል፤ ይህም በየአገሩ ብዙ አዳማጭ አፍርቶለታል፤ በራሱ አዳራሽ ያሉትን 3,800 ያህል ወንበሮች ግን አልሞላለትም። በሲኒማ የተቀመጠ ሰው ፉጨቱ ዘፋኙ ዘንድ አይደርስም። ሁለተኛው መንገድ የቀድሞው ነው። በሴፕቴምበር 2021 ይኸው ቤት የጥቁር አሜሪካዊውን የቴረንስ ብላንቻርድን ኦፔራ ሲያቀርብ በቤቱ ታሪክ ከጥቁር ደራሲ የመጣ የመጀመሪያው ሥራ ነበር፤ በርካታ ምሽቶችም ትኬቱ ተሸጦ አለቀ፤ ከዚያ በፊት የቤቱን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ታዳሚ መጣ። በ2022 መጨረሻ አስተዳደሩ ገንዘብ አጥሮት ከመጠባበቂያው እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ሲገደድ፣ አዳዲስ ሥራዎች ከነባሮቹ ይልቅ እየተሸጡ ስለ ሆነ ቁጥራቸውን እጨምራለሁ አለ። ቬርዲ ቢሰማ ባልገረመው ነበር፤ እርሱ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ የሸጠው አዲስ ሥራ ነውና።

የካይሮው ቤት የዚህን ክርክር ፍጻሜ አላየም። የእንጨት ሕንጻው ከንጉሦችም ከቅኝ ገዢዎችም ተርፎ በኦክቶበር 28 ቀን 1971 ማለዳ በእሳት ጋየ፤ «አይዳ» እዚያ የታየችበት መቶኛ ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በ1988 በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሌላ የኦፔራ ቤት በአባይ ደሴት ላይ ተከፈተ። በአሮጌው ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ቆሟል። የካይሮ ሰው ታክሲ ሲሳፈር ያን አደባባይ አሁንም የሚጠራው «ኦፔራ» ብሎ ነው።